ሻምበል በማን ወጣ?

ሻምበል ወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት የሥጋ ቤቱ ደንበኞች ናቸው። ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ «አንቺ ወደዚህ፣ አንተ ወደዚያ፣ ማነው እዚያ ጋ ሰልፍ የሚያበላሸው!» እያለ ትእዛዝ ሲያወርድ ሰምተው ሻምበል አሉት፤ እሱም ደስ ብሎት ተቀበለ። ዕድሜው አምሳ ስምንት ነው። ትከሻው በር ይሞላል፣ ድምፁ አጥንት የሚሰነጥቀውን የኤሌክትሪክ መጋዝ ያስንቃል። ከዚህ ዓለም የሚፈራው የጥርስ ሐኪም ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን «አልፈራም፣ ጊዜ የለኝም» ነው የሚለው።

የኋላ መንጋጋው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጠዘጥዘው ከረመ። አንድ ሰኞ ጠዋት ጉንጩ አንድ ዓይኑን እስኪሸፍን አብጦ ሲነሳ ግን ባለቤቱ እጁን ይዛ እየጎተተች ወሰደችው። የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። በአሥር ደቂቃ ነቅላ፣ ጥጥ አስነክሳ፣ «ግማሽ ሰዓት ነክሰው ይቆዩ፣ ይቆማል» ብላ ሸኘችው።

አልቆመም።

ሰኞ አልቆመም፤ ማክሰኞም አልቆመም። ሻምበል ግን ሥጋ ቤቱን የሚዘጋ ሰው አይደለም። ጥጡን እንደነከሰ በተዘጋ አፍ ትእዛዝ ያወርዳል፤ ማንም የሚለው አይገባውም፤ ሁሉም ግን እንደ ልማዱ ይታዘዘዋል። ረቡዕ ዕለት የጎረቤቱ ጫማ ጠጋኝ በበሩ ብቅ አለና ከንፈሩን አይቶ፣ «ሻምበል፣ ዛሬ የሚሸጠው የማን ነው? የበሬው ወይስ የራስህ?» አለው። ሻምበል ሊሰድበው አፉን ሲከፍት ጥጡ ከነደሙ ባንኮኒው ላይ ወደቀ። ሁለት ደንበኞች ሳይገዙ ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት የመጋዙን ቁልፍ ሊጫን ሲል ዓይኑ ጭልም አለበት፤ ጉበትና ኩላሊት ከተደረደረበት ትሪ ላይ በግንባሩ ተደፋ። አብረውት የሚሠሩት ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ፣ ሁለቱም እንደ አባታቸው ግንድ የሚያህሉ ናቸው፣ የሚይዙትን አጥተው ሲራወጡ ከሰልፉ መሃል አንዲት ሴትዮ «እግሩን ከፍ፣ እግሩን!» እያለች እሷ ሻምበል ሆነችላቸው።

ሆስፒታል ሲደርስ ደም ወስደው መረመሩ፤ ደግመውም ወሰዱ። «ደም የለውም እያላችሁ ደም ትቀዳላችሁ?» ብላ ባለቤቱ ጮኸች። ከሰዓት በኋላ አንዲት አጠር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች የደም ሐኪም መጣች። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ አልጋውን ከቧል፤ ባለቤቱ፣ ሁለቱ ወንዶችና የመጀመሪያ ልጁ።

የመጀመሪያ ልጁ ሴት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ መነጽር ቤት ቁጭ ብላ ሌንስ ትሞርዳለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነች፤ ባሏ የረጅም መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ በስልክ ይገኛል። በልጅነቷ ከሦስቱም ልጆች ሥጋ ከአጥንት መለየት የምትችለው እሷ ነበረች። አባቷ ግን ቢላውን ከእጇ ቀምቶ ለታናናሾቿ ሰጠ። «የኔ ደም ያለው በወንዶቹ ነው፤ አንቺ በእናትሽ ወጥተሻል» አላት። የሥጋ ቤቱ ማስታወቂያም እስከ ዛሬ «አባትና ወንዶች ልጆቹ» ነው የሚለው።

«ሻምበል ነው የሚሏቸው?» አለች ሐኪሟ ወረቀቷን እያየች። «የየትኛው ጦር ነበሩ?»

«የሽንጥና የዳቢት» አለች ሴት ልጁ።

ሐኪሟ ሳቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሄሞፊሊያ የሚባል ነገር አለብዎት፤ ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ደም እንዲረጋ ተቀባብለው የሚሠሩ ብዙ ፕሮቲኖች አሉ። እርስዎ ከእነሱ አንዱ ከመቶ አሥራ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለዎት።»

«አሥራ አንድ!» ሻምበል ጥጡን ሊውጠው ምንም አልቀረው። «ሠላሳ አምስት ዓመት ቢላ ይዤ ኖሬ?»

«ትንንሽ ቁስል ላይ እምብዛም አይታወቅም። ጥርስ ሲነቀል፣ ቀዶ ጥገና ሲደረግ ነው ጉዱ የሚወጣው።»

«ይጋባል?»

«አይጋባም። ይወረሳል።»

ሻምበል ይወረሳል የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ በቀጥታ ወደ ሁለቱ ወንዶች ሄደ። ሁለቱም ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ቆመዋል፤ ታናሹ ምላሱን በጥርሶቹ ላይ ያዞራል። «ልጆቼን ጨረስኳቸው በሉኛ!» አለ ሻምበል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ሐኪሟ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጣ መሥመሮች ማሥመር ጀመረች። «ወንድ ወይም ሴት የሚያደርጉን ሁለት ክሮሞሶሞች ናቸው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱን ከእናቷ፣ አንዱን ከአባቷ። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ኤክሱ ረጅም ነው፤ ብዙ ነገር ተጽፎበታል። ይኼ ያነሰዎት ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈውም እዚያው ላይ ነው። ዋዩ ግን አጭር ነው።»

«አጭር?» አለ ሻምበል ቅር ብሎት።

«በጣም።»

ባለቤቱ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ስለዚህ ሴት በአንዱ ኤክሷ ላይ ስሕተት ቢኖር ሌላኛው ያግዛታል። ወንድ መለዋወጫ የለውም፤ ያለው አንዱ ከተበላሸ ተበላሸ ነው። አሁን ወደ ልጆችዎ እንምጣ። ወንዶቹ ወንድ የሆኑት ከእርስዎ ዋዩን ስለወሰዱ ነው። ኤክሳቸውን ያገኙት ከእናታቸው ነው። ስለዚህ ይኼ በሽታ ከእርስዎ ወደ እነሱ ሊሄድ አይችልም።»

«ነጻ ነን ማለት ነው?» አለ ታላቁ።

«ነጻ ናችሁ። ይኼ የአባታችሁ ችግር በእናንተ በኩል ወደ ልጆቻችሁም አያልፍም።»

ሁለቱ ግንዶች እዚያው ታማሚ አልጋ አጠገብ ተቃቅፈው ዘለሉ፤ የግሉኮሱ መስቀያ ተወዛወዘ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች እህታቸው። ድምፅዋ መስተዋት ይቆርጣል። ሁለቱም እጃቸውን አላቀቁ።

«እሷስ?» አለ ሻምበል ቀስ ብሎ።

«ሴት የሆነችው ከእርስዎ ኤክሱን ስለወሰደች ነው። እርስዎ ያለዎት ኤክስ ደግሞ አንድ ነው፤ ሌላ አማርጠው የሚሰጧት አልነበረዎትም። ስለዚህ ምናልባት አይባልም፤ ወስዳለች። ከሁለቱ አንዱ ኤክሷ የእርስዎ ነው። ለምትወልደው ልጅ አንዱን ታወርሳለች፤ የትኛውን እንደሆነ አናውቅም። ወንድ ከሆነ በሽታው የሚኖርበት ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ሴት ከሆነችም ስሕተቱን የመውሰድ ዕድሏ ያው ከሁለት አንድ ነው።»

«ወንድ ነው ብለውናል» አለች ልጁ፣ እጇን ሆዷ ላይ ጭና።

ሻምበል ሴት ልጁን እንደ አዲስ አያት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእናትሽ ወጥተሻል ሲላት ኖሯል! ወንዶቹ በደም ጉዳይ ከእሱ ምንም አልወሰዱም፤ ደሙ ከነጉዱ የሄደው ወደ እሷ ኖሯል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞራ። «ከማርገዝሽ በፊት ወር አበባሽ ይበዛ ነበር?»

ሁለቱ ወንዶች ጣሪያውን ማጥናት ጀመሩ። ሻምበል አሳለ።

«አሥር ቀን ይቆያል። ሥራ ቦታ ወንበር ላይ ሁለት ጊዜ ፈስሶብኝ ያውቃል። አያቴ ግን የእኛ ቤት ሴት እንዲህ ናት፣ አትቅበጪ ነው የምትለኝ።»

«ሴቶች ተሸካሚ እንጂ ታማሚ አይሆኑም ይባላል። ልክ አይደለም፤ ብዙዎቻቸው ይደማሉ። አሁን እርግዝናው ያነሰሽን ፕሮቲን ከፍ ያደርግልሻል። ከወለድሽ በኋላ ግን ይወርዳል፤ ያኔ ነው መጠንቀቅ ያለብን።» ከዚያ ወደ ሻምበል ተመለሰች። «እርስዎ ከማን እንደወረሱት ያውቃሉ?»

«ከአባቴ» አለ ሻምበል ሳያመነታ። «እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «አባትዎ የሰጡዎት ዋዩን ነው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ አይሄድም አልኩዎት። አንዳንዴ ከማንም ሳይወረስ አዲስ ሊጀምር ይችላል፤ አለበለዚያ ግን ከእናትዎ ነው። በእሳቸው ወገን የሚደማ ወንድ ነበር?»

«ሰምቼ አላውቅም።»

«እናትዎ በሕይወት አሉ?»

«ከእኛ ሁሉ የበለጠ» አለች ባለቤቱ።

የሰጡት መርፌና አፉን የሚጉመጠመጥበት መድኃኒት ደሙን ዓርብ አቆመለት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሲገባ ቢላ አልናፈቀውም፤ በቀጥታ ወደ እናቱ ክፍል ሄደ። ሴት ልጁም ተከተለችው።

አሮጊቷ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ቴሌቪዥኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው ነጻ ትግል ያያሉ። ይኼ የአሥር ዓመት ሱሳቸው ነው፤ ታጋዮቹን በስም ያውቋቸዋል፤ ዳኛውን ይሰድባሉ።

«እማዬ፣ ወንድሞች ነበሩሽ አይደል?»

«ሦስት። ዞር በል፣ ከፊቴ።»

«ሁለቱ በልጅነታቸው በምን ሞቱ?»

«በወባ።»

«እማዬ!»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ትንፋሽ ወሰዱ። «አንዱ ከዛፍ ወደቀ፤ ጭኑ እንደ በርሜል አብጦ በሰባተኛው ቀን አለፈ። ሌላው ጥርሱን ተነቅሎ።»

«ጥርሱን?»

«እንደ አንተው የኋላውን።»

«ታዲያ እኔ ሰኞ ጥርስ ልነቀል ስወጣ ምነው አፍሽን ያዝሽ?»

«ትግል እያየሁ ነበር» አሉ።

ሻምበል ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ሴት ልጁ አፏን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እሷም አላወቀችውም።

«ሦስተኛውስ?» አለች።

«እሱማ ምንም አልነካው። ሰባ ዓመት ኖሮ በመጠጥ ሞተ።» አሮጊቷ አሁን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስ አደረጉ። «እናቴ የሠርጌ ዕለት ጠዋት ጸጉሬን እየሠራች ‘ስለ ወንድሞችሽ ትንፍሽ ብትይ እህትሽን የሚያገባት አይገኝም’ አለችኝ። ትንፍሽ አላልኩም። አንተ ተወለድክ፤ መዳህ ስትጀምር ሰውነትህ በየቦታው ይበልዝ ጀመር። አማቴ ‘ልጁን ትመቺዋለሽ?’ ብትለኝ ‘ከእናንተ ወገን የመጣ ደም ነው’ አልኳት። መቅደም ነበረብኝ፤ ቀደምኩ። አባትህም አመነ።»

«አመነ?» አለ ሻምበል። «ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከብስክሌት ወድቄ ከንፈሬ ሳምንት ሙሉ ሲደማ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በማንኪያ ሾርባ ያጎርሰኝ የነበረው እሱ ነው። ሲሞት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እጄን ይዞ ‘በኔ የተነሳ ነው፤ መጥፎ ደም ሰጠሁህ፤ ይቅር በለኝ’ ነው ያለኝ። ያልሠራውን! የመጨረሻ ቃሉ እኮ ነው!»

ይኼንን አሮጊቷ አያውቁም ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ተያይዘው በአየር ላይ እንዳሉ ብርሃኑ ጠፋ።

ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ግድግዳው ላይ የባላቸው ፎቶ አለ፤ ፖስተኛ ነበሩ፤ ቆባቸውን አንጋደው፣ የደብዳቤ ቦርሳቸውን አንግበው ፈገግ ብለዋል። አሮጊቷ ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ስማ። አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ። ሐኪም ናት ያለችው።» የፎቶውን አቧራ በነጠላቸው ጠረጉ። «ያኔ ብነግርህ ጥለኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ነው። አትሄድም ነበር። ይኼ ነው የሚያናድደኝ።»

ሻምበል እናቱን መቆጣት ፈለገ፤ ግን ከኋላ ሲያያቸው አንገታቸው እንደ ወፍ ቀጥኗል። ወንበሩን ስቦ ሰጣቸው።

ወሬው ሰፈሩን ለመዞር ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ጫማ ጠጋኙ ሁለቱን ወንዶች «ዋዮቹ» ብሎ ሰየማቸው። አሮጊቷ ይኼንን ሲሰሙ «ዋይ? ሙሾ ነው እንዴ የሰጣቸው?» አሉ። ሻምበል ራሱ ሥጋ ሲቆርጥ የብረት ጓንት ማድረግ ጀመረ፤ ሴት ደንበኛ ስትስቅበት «ስቂ፣ ስቂ፣ አንቺ ሁለት አለሽ» ይላል፤ ሴትዮዋም ምን ሁለት እንዳላት ግራ ገብቷት ሥጋዋን ይዛ ትወጣለች።

በየሳምንቱ ረቡዕ ልጁን ሐኪሟ ዘንድ የሚያደርሳት እሱ ሆነ። ሐኪሟ ለማዋለጃ ክፍሉ በወረቀት ጻፈችላቸው፤ ሕፃኑን በመሣሪያ ስበው እንዳያወጡት፣ እንደተወለደ ከእትብቱ ደም ተወስዶ እንዲመረመር፣ እናትየዋም የትኛው መድኃኒት እንደሚዘጋጅላት። ሻምበል ወረቀቱን አምስት ኮፒ አስነስቶ አንዱን ለማዋለጃው ዘበኛ ሰጠ። ዘበኛው አንብቦ «እኔ በር ነው የምከፍተው» አለው። «ስትከፍት እያወቅክ ክፈት» አለ ሻምበል።

ልጁ በሰላም ወለደች። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ፀጉራም ወንድ ልጅ። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ከመቶ አሥራ ሁለት።

ሻምበል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጁ የሆስፒታል ቀሚሷን እየጎተተች ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን ያስለቅስሃል?»

«ሰጠሁት። በአንቺ በኩል አሻግሬ ሰጠሁት።»

«አባዬ፣ አንተ ያን ያህል ዘመን ሳታውቀው ቢላ ይዘህ ኖረሃል። እሱ ደግሞ በተወለደ በሦስተኛው ቀን አውቋል፤ መድኃኒቱም አለ። ጥርሱን ሊነቀል ሲሄድ ትግል የምታይ እናት የለችውም።» ቀሚሷን እየሰበሰበች ጨመረች፤ «ደግሞ አፍንጫው ያንተ ነው። እኔን የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው።»

በዘጠነኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ልጅቷ ወላጆቿ ቤት አራስ ሆና ሳለች፣ ከመታጠቢያ ቤት «እማ!» ብላ ጠራች። ደሙ ወለሉን አልብሶታል። እናቷ «የወለደች ሴት ትደማለች፣ ተኚ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የሐኪሟ ቃል ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ደጅ የቆመችው የሥጋ ማመላለሻዋ ብቻ ነበረች። ሻምበል ልጁን አቅፎ ከፊት አስቀመጣት። ዋዮቹ ሕፃኑን ይዘው ከማቀዝቀዣው ክፍል ሊገቡ ሲሉ የሻምበል ባለቤት «ልጁን በብርድ ልትገድሉት ነው?» ብላ ነጠቀቻቸው። እነሱም ከሜንጦዎቹ መሃል ተንጠልጥለው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ሆስፒታል ደረሱ። ዘበኛው መኪናዋን ከሩቅ አይቶ በሩን በሰፊው ከፈተ። «እያወቅሁ ነው!» ብሎ ጮኸ።

መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ስለነበር ወዲያው ሰጧት። በማግስቱ ደሙ ቀነሰ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሰች። «ባናውቅ ኖሮ» አለች ሐኪሟ ለሻምበል፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን አልጨረሰችውም። ይልቅ ሌላ ነገር ጠየቀችው፤ «የእናትዎ እህት ልጆች አሏቸው? ሴቶች? ይንገሯቸው።»

የአሮጊቷ እህት ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ሴት ልጅ ትተዋል። አሮጊቷና ይቺ የእህታቸው ልጅ በአንድ ብርድ ልብስ የተነሳ ተኳርፈው አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ሻምበል «እኔ እደውላለሁ» አለ። «አንተ ምን ብለህ? ይኼ የሴት ወሬ ነው» ብለው ስልኩን ተቀበሉት። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ለቀቁት።

«ሃሎ?»

«እኔ ነኝ፣ አክስትሽ። ብርድ ልብሱን አልመልስም፤ ለእሱ አይደለም የደወልኩት። ወር አበባሽ ይበዛል?»

ሻምበል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዋዮቹ ተጋፍተው ወጡ። ከስልኩ ወዲያ ምንም አይሰማም፤ ሴትዮዋ የዘጋች መሰላቸው።

«ማን ነገረሽ?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። «ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ማን ነገረሽ?»

«ማንም» አሉ አሮጊቷ፣ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ እየሳቡ። «ቁጭ በይ። ረጅም ነው።»